ዕጩ መምህሩ ጤና ኬላውንም ይወቀው

ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በሰሜን ሸዋ ዕጩ መምህራንን ለምታሰለጥኑና ለልምምድ ለምትመድቡ፤ እንዲሁም በየወረዳው የትምህርት፣ የጤና፣ የግብርና እና የሴቶችና ሕፃናት ሥራ ለምትመሩ ሁሉ

ጉዳዩ፦ ስለ ማስተማር ልምምድ

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

መንዝ ውስጥ የማስተምር መምህር ነኝ። ጠመኔ ከያዝኩ 22 ዓመት ሆነኝ። ላለፉት 11 ዓመታት ደግሞ ለማስተማር ልምምድ የሚመጡ ዕጩ መምህራንን እየተቀበልኩ አሠራለሁ። ሜንተር ይሉናል። ዕጩው ሲያስተምር ከኋላ ተቀምጬ አያለሁ፣ ቅጽ እሞላለሁ። ከክፍል ሲወጣ ሻይ እየጠጣን ስለ ትምህርቱ እናወራለን። ሥራውን እወደዋለሁ። የምጽፍላችሁም ስለምወደው ነው።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ዕጩ መምህር እኛ ዘንድ ሲመጣ የሚተዋወቀው ከመምህራን ጋር ብቻ ነው። ልጆቹን የምናውቃቸው ግን እኛ ብቻ አይደለንም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከእናታቸው ጋር ቡና ትጠጣለች። የግብርና ባለሙያው የአባታቸውን ማሳ በእግሩ ለክቶታል። ዕጩው ከነዚህ ሰዎች ጋር አንድ ቀን እንኳ ሳይውል ልምምዱን ጨርሶ ይሄዳል። በዓመቱ ብቻውን፣ መኪና በማይገባበት ቀበሌ ይመደባል። እባካችሁ ይሄን ቀይሩልን።

ይሄ ነገር የገባኝ በአንድ ልጅ ምክንያት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወጣት ዕጩ መጣልኝ። የቆላ ልጅ ነው። ጣርማ በር ላይ ታጥፎ ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደውን መንገድ ያየው ያኔ ነው። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። የኛ ቀበሌም ከዚያ ብዙ አትርቅም። በመጀመሪያው ሳምንት ብርዱ ጸናበት። ያከራዩት እናት አዝነው ከበግ ጸጉር የተሠራ ባና ሰጡት። ልጁ ግን ጎበዝ ነበር። የትምህርት ዕቅዱን ሌሊት ተቀምጦ ያዘጋጃል። ከካርቶን ቆርጦ ክፍልፋይ የሚያስተምርበት መርጃ ሠርቶ ነበር፤ እስከ ዛሬ እኔ ዘንድ አለ።

ከሚያስተምራቸው የ4ኛ ክፍል ተማሪዎች አንዱ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ይቀመጣል። ሲጠሩት አይመልስም። ከሰሌዳ ላይ አሳምሮ ይገለብጣል። በቃል የተነገረውን ግን አይጽፍም። ዕጩው በመመዝገቢያ ደብተሩ ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ተማሪው ለትምህርት ፍላጎት የለውም። ስጠይቀው ሆን ብሎ ዝም ይላል።» እኔም አነበብኩት። ከሥሩ ፈረምኩ።

በዚያው ሰሞን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ልጃገረዶችን ልትከትብ መጣች። የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ዕድሜያቸው 14 ለሆነ ልጃገረዶች በየትምህርት ቤቱ ይሰጥ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ዕቃዋን ለማስቀመጥ ወደዚያ ክፍል ገባች። በሩ ጋ ቆም አለች። ወደ ልጁ ጎንበስ አለችና ወደ እኛ ዞረች።

«ይሄ ልጅ ጆሮው ይመግላል እኮ። ሽታውን አልሰማችሁትም?»

ሰምተነዋል። ግን ለእረኝነት የሚለብሰው ደበሎ መስሎን ነበር።

አያቱን አስጠራናቸው። ልጁን የሚያሳድጉት እሳቸው ናቸው። «ከሕፃንነቱ ጀምሮ ነው፤ እያደገ ሲሄድ ይተወዋል ብለውኝ» አሉ። ሲብስበት ቅቤ አቅልጠው ጠብ ያደርጉለት ነበር። የጤና ሠራተኛዋ አልተቆጣቻቸውም። «እማማ፣ ቅቤውን እንተወው፤ እኔ አንድ ነገር ላሳይዎት» አለቻቸው። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ እንደ ክር ጠምዝዛ ጆሮው ውስጥ አስገባች። ሲርስ አወጣችውና በሌላ ደረቅ ጨርቅ ተካችው። እስኪደርቅ ድረስ እንዲህ ነው፤ በቀን 3 ጊዜ። ውኃም ዘይትም እንዳይገባበት። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ላከችው። ለ2 ሳምንት የሚሆን የጆሮ ጠብታ ተሰጠው። ከ14 ቀን በላይ የሚፈስ ጆሮ የቆየ ሕመም ተብሎ እንደሚታከም እኔ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ያን ጊዜ በማስተማር ከ15 ዓመት በላይ ሆኖኝ ነበር።

መግሉ ቆመ። የመስማት ኃይሉ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። የግራ ጆሮው ግን ደህና ይሰማል። ዕጩው ራሱ አሰበበትና ልጁን ከፊት ወንበር፣ ከክፍሉ በስተቀኝ አስቀመጠው፤ የመምህሩ ድምፅ በግራ በኩል እንዲመጣለት። ሲያናግረውም ፊቱን ወደ እሱ አዙሮ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ልጁ እጁን አወጣ። ዕጩው ማታ ቤቴ ድረስ መጣ። «ጋሼ፣ ያንን የጻፍኩትን ገጽ ልቅደደው?» አለኝ። አትቅደደው አልኩት። ከሥሩ ጻፍበት። እኔም ከፊርማዬ ሥር ጻፍኩ።

ሌላም ነገር ሆነ። የጤና ሠራተኛዋ 14 ዓመት የሞላቸውን ልጃገረዶች ዝርዝር ትፈልግ ነበር። የኛ ሮስተር ላይ ያለው ዕድሜ ደግሞ ግማሹ በግምት የተሞላ ነው። ዕጩው ሁለት ከሰዓት ሙሉ አብሯት ተቀምጦ ስም በስም አጣራላት። በኛ አገር ወንፈል የምንለው ይሄንኑ ነው። ቀን ሰጠችን፣ ቀን መለስንላት። ማንም አላዘዘንም። ማንም በቅጽ አልመዘገበውም። ችግሩም እዚህ ላይ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር ለአንድ የገጠር ቀበሌ 2 ሠራተኞች ተብሎ ነው። ሲጀምሩ 16 ፓኬጅ፣ ማለትም 16 ዓይነት የጤና ሥራ፣ ተሸክመው ነበር። የግብርና ባለሙያዎችም ለአንድ ቀበሌ 3 እንዲሆኑ የታሰበ ነው። የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ አለ። ከዚያ እኛ መምህራን። በአንድ የገጠር ቀበሌ በመንግሥት ደመወዝ የሚኖረው ሰው ይሄው ነው። ሻይ የምንጠጣበት ቤት እንኳ አንድ ነው። ሪፖርታችን ግን አይገናኝም። የሷ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። የእሱ ወደ ወረዳ ግብርና። የኔ በሱፐርቫይዘር በኩል ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት። ያ ጆሮው የሚመግል ልጅ ሦስቱም ሪፖርት ውስጥ በቁጥር አለ። በስሙ ግን አንዱም ውስጥ የለም።

በነገራችን ላይ፣ የማስተማር ልምምዱ ራሱ ሲታሰብ እንዲህ ጠባብ አልነበረም። በ1990ዎቹ አጋማሽ የመምህራን ሥልጠናው ሲከለስ ፕራክቲከም የሚባለው ትልቅ ቦታ የተሰጠው፣ ዕጩው ትምህርት ቤት ገብቶ እያየ፣ እያገዘ፣ እየመዘገበ እንዲማር ነው። ሐሳቡን ዛሬም እወደዋለሁ። በሥራ ላይ ግን ቅጹ ሐሳቡን ዋጠው። እኔ የምሞላው ቅጽ ሰዓት አጠቃቀም፣ የሰሌዳ አጠቃቀም፣ የድምፅ ጥራት፣ የዕቅድ ዝግጅት ይላል። ሁሉም ያስፈልጋል። «ልጁ ለምን እንደቀረ ከማን ጋር ተነጋገረ?» የሚል መስመር ግን የለውም።

ይሄ መስመር ባለመኖሩ የተጎዳች ልጅ አለች። ስሟንም ቦታውንም አልጽፍም።

አንዲት ዕጩ ነበረች። ደግ ልጅ ናት። ተማሪዎቿ ይወዷታል። አንድ ቀን የ8ኛ ክፍል ተማሪ ቀርባ ወላጆቿ ሊድሯት እንደሆነ እያለቀሰች ነገረቻት። ዕድሜዋ 15 ነው። ሕጉ 18 እንደሚል ዕጩዋ ታውቃለች። ኮሌጅ ተምራዋለች። ለማን እንደሚነገር ግን አታውቅም። ደንግጣ በእረፍት ሰዓት መምህራን ማረፊያ ውስጥ ተናገረችው። እዚያ 9 ሰው ነበርን። በማግስቱ ወሬው ገበያ ደረሰ። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ትምህርት ቤት አልመጣችም። ዘመድ ቤት ልከዋታል ተባለ። የት እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ደከምን። ትምህርቷን አልቀጠለችም።

ዕጩዋን አልወቅሳትም። ሜንተሯ እኔ ነበርኩ። በመጀመሪያው ሳምንት ወረዳ ይዣት ሄጄ የሴቶችና ሕፃናት ባለሙያዋን ባስተዋውቃት ኖሮ ስልኳን ታወጣ ነበር። የጤና ሠራተኛዋን ብታውቃት ኖሮ ሁለቱ ተያይዘው በዝግታ እናትየዋ ጋ ይሄዱ ነበር። እንዲህ ዓይነት ነገር በዝግታ ሲያዝ ሲቀር አይቻለሁ። አባት ተመክሮ፣ ሽማግሌ ገብቶ፣ ማንም ሳያፍር የቀረ ድግስ አውቃለሁ።

ስለዚህ አብሮ መሥራት ስል ሁሉም ሰው ሁሉንም ይስማ ማለቴ አይደለም። አንድ ዕጩ መምህር መማር ያለበት ትልቁ ነገር ይሄ ይመስለኛል። የትኛው ጉዳይ ለማን ይነገራል? በጽሑፍ ነው በቃል? የልጁ ስም ይጠራል አይጠራም? መጀመሪያ ልጁ ራሱ ይጠየቃል ወይ? የጤና ባለሙያዎች ምስጢር መጠበቅን በሥልጠናቸው ይማሩታል። እኛ ከነሱ ብንማር ነውር የለውም። በሥልጠና አዳራሽ ተቀምጦ የሚያዝ ነገር አይደለም። ከሚያውቀው ሰው ጋር ውሎ ነው።

ስለ ግብርናው አጠር አድርጌ ልንገራችሁ። ሸዋ ሮቢት አካባቢ የሚያስተምር ጓደኛ አለኝ። እዚያ ማሾና ሽንኩርት ሲደርስ ክፍሉ ይሳሳል። ልጆች በቀን ሥራ ይሰማራሉ። ለልምምድ የመጣው ዕጩ የመቅረቱን ሠንጠረዥ ሠርቶ «የወላጅ ግድየለሽነት» ብሎ ደምድሞ ነበር። ጓደኛዬ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ጠርቶ አገናኛቸው። ባለሙያው በአንድ ወረቀት ላይ የትኛው ጎጥ በየትኛው ሳምንት ምን እንደሚሰበስብ ጻፈለት። ፈተናውን ወደፊት ገፉት፣ የማካካሻ ትምህርቱን ደግሞ ከመኸሩ በኋላ አደረጉት። በቃ፣ አንድ ወረቀት ነው። እኛ ደጋ ላይ ደግሞ በልግ አለ። እነዋሪ በኩል የስንዴና የጤፍ ነው። የየአገሩ ወረቀት የተለያየ ነው። ዕጩው ግን በየሄደበት ያንን ወረቀት ማን ዘንድ እንደሚያገኝ ማወቅ አለበት።

አሁን ደግሞ ለመጻፍ የሚከብደኝ ጉዳይ አለ።

የኛ ዞን ልጆች ብዙ አይተዋል። በሚያዝያ 2013 አጣዬ ስትቃጠል የሸሹ አሉ። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ደብረ ሲና ሲደርስ በሌሊት የተሰደዱ አሉ። ከሌላ አካባቢ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ ያደጉ አሉ። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸው አሉ። ዛሬ አንድ ክፍል ውስጥ የ10 ዓመትና የ14 ዓመት ልጅ አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ።

ደብረ ብርሃን የምታስተምር እህቴ የነገረችኝ ነው። አንድ ዕጩ የአማርኛ ትምህርት ላይ ድርሰት አዘዘ። ርዕሱ «የማልረሳው ቀን» ነው። ሁላችንም ጽፈነዋል። ስለ ጥምቀት፣ ስለ ሠርግ፣ አክስት ከከተማ ስለመጣችበት ቀን። አንዲት ልጅ ሁለት መስመር ጻፈች። ከዚያ ራሷን ዴስኩ ላይ ደፍታ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ዕጩው ያመማት መሰለው። ውኃ አመጣላት። ከዚያ በደግነት «የሆነብሽን ለጓደኞችሽ ንገሪያቸው፣ ይቀልሻል» አላት። በክፍሉ ሁሉ ፊት።

ክፉ ሰው አይደለም። ማንም አልነገረውም። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበትን ልጅ በሰው ፊት አውጣው ብሎ መጫን እንደሚጎዳው፣ ይልቅ ዝም ብሎ አጠገቡ መቀመጥ፣ የነገ ፕሮግራሙን መንገር፣ ካልፈለገ እንዳይጽፍ መፍቀድ እንደሚሻል አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ በግማሽ ቀን ሊያሳየው ይችል ነበር። በየትምህርት ቤቱ ሥነ ልቦና ባለሙያ ይመደብ አልልም። እንደማይቻል አውቃለሁ። ግን እዚያው ደብረ ብርሃን ውስጥ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አለ፤ ዩኒቨርሲቲም አለ፤ የዩኒቨርሲቲው የአሥራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስም አለ። ነገ ነርስ የምትሆነውና ነገ መምህር የሚሆነው በአንድ ከተማ ይማራሉ፣ በአንድ ታክሲ ይሄዳሉ። በኋላም አንድ ወረዳ ይመደቡ ይሆናል። ተማሪ እያሉ በአንድ ልጅ ጉዳይ ላይ አብረው ቢቀመጡ ምን ያህል ነገር ይቀል ነበር!

በሌላ አገር የሆነ ነገር ላንሳ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 ለንደን ውስጥ አንዲት የ8 ዓመት ልጅ በአሳዳጊዎቿ በደረሰባት ስቃይ ሞተች። ሆስፒታል ተወስዳ ታይታ ነበር። ማህበራዊ ሠራተኞች ያውቋታል። ፖሊስም ጉዳይዋ ደርሶታል። ትምህርት ቤት ግን አልገባችም። በ2003 የወጣው የምርመራ ሪፖርት እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ማድረግ ሲችል ያላደረገውን ነገር አንድ በአንድ ዘረዘረ። በ2004 አዲስ የሕፃናት ሕግ ወጣ፤ መሥሪያ ቤቶቹ እንዲተባበሩ በሕግ ታዘዙ። እነሱ ያን ሁሉ ባለሙያ ይዘው ነው እንዲህ የሆነባቸው። እኛ በቀበሌ ጥቂት ሰው ነን። ለመተዋወቅ ከነሱ ይልቅ ለኛ ይቀለናል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ከልምምዱ ቀናት ውስጥ 4 ቀን ለይታችሁ ስጡን። ሁለቱን ቀን ዕጩው ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ቤት ለቤት ይዙር። አንዱን ቀን ከግብርና ባለሙያው ጋር ማሳ ይውረድ። አንዱን ደግሞ ወረዳ ሄዶ የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤቱንና የልዩ ፍላጎት መምህር ካለ እሱን ያግኝ። ሲመለስ ስለ አንድ ልጅ አንድ ገጽ ይጻፍ፤ ስም ሳይጠቅስ። ባለሙያዋ ትፈርምበት። ነጥብ ይሰጠው። ነጥብ የሌለው ነገር በልምምድ ወቅት እንደማይሠራ ከኔ የበለጠ እናንተ ታውቃላችሁ።

ለጤናና ለግብርና ኃላፊዎች ደግሞ ልዩ ልመና አለኝ። ያ ቀን በባለሙያዋ ዕቅድ ውስጥ ይገባ። ሪፖርቷ ላይ እንደ ሥራ ይቆጠርላት። አለበለዚያ በደግነቷ ላይ ሌላ ሸክም መጫን ነው። የኛዋ ሠራተኛ ያን ልጅ ለመከታተል ስንት ጊዜ እንደተመላለሰች አይቻለሁ። አንዱም ቀን በየትም አልተጻፈላትም።

ዕጩዎቹ ደግሞ ተላላኪ እንዳይሆኑ እፈራለሁ። ወጣት ሰው ሲገኝ ሁሉም ቅጽ እንዲሞላለት ይፈልጋል። አብሮ መዋል ይባል እንጂ ጉልበት ማዋስ አይሁን።

ምደባውንም እዩት። ብዙ ጊዜ ዕጩዎች የሚመደቡት ለመምህራኖቻቸው ክትትል በሚመች ቦታ ነው። ከጫጫ እስከ ሸዋ ሮቢት አስፋልቱን ተከትሎ። ምክንያቱ ይገባኛል። መኪና የለም፣ አበል የለም፣ የጸጥታውም ነገር አለ። ሰላም በሌለበት ማንም ዕጩ ይላክ አልልም። ሰላም ባለበት ግን ከአስፋልቱ የራቁትን ትምህርት ቤቶች አትርሷቸው። ሥራ ሲይዙ የሚሄዱት ወደኛ ነው። ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ላኳቸው። የቤት ኪራዩን እኛ ከቀበሌው ጋር ተነጋግረን እናስቀንሳለን። ባና አይጠፋም።

እኛ ትምህርት ቤት ጀምረነዋል። በየ15 ቀኑ ዓርብ ከሰዓት ለአንድ ሰዓት እንቀመጣለን። ርዕሰ መምህሩ፣ ሁለቱ የጤና ሠራተኞች፣ አንድ የግብርና ባለሙያና እኔ። ከወላጅ መምህር ኅብረት አንዲት እናት አሉ፤ ከሁላችንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። በአንድ ጊዜ ከሦስት ልጅ በላይ አናነሳም። ደብተሩ ላይ ስም አይጻፍም። ዕጩዎች ካሉ ይቀመጣሉ፣ ያዳምጣሉ፣ በሁለተኛው ስብሰባ ይናገራሉ። ብዙ ያልተሳካልን ነገር አለ። ሁለት ልጆች ግን ዓይናቸው ተመርምሮ መነጽር አግኝተዋል። አንዲት ልጅ በወር አበባዋ ጊዜ መቅረት አቁማለች፤ የጤና ሠራተኞቹ አንዷን የዕቃ ቤት ክፍል አጸዱልን፣ እናቶች ውኃ ያቀብላሉ።

ዕጩው ስለ አንድ ልጅ የሚጽፍበትን ቅጽ ነድፌያለሁ፤ አንድ ገጽ ነው። አራት ጥያቄ አለው። ርዕሰ መምህሩ፣ የጤና ሠራተኛዋና የግብርና ባለሙያው አይተው አርመውታል። የመጨረሻዋን ጥያቄ የጨመረችው የጤና ሠራተኛዋ ናት፦ «ይህን ከማን ሰማህ? ለማንስ ነገርክ?» የምትል ናት። መንገዱ ክፍት ከሆነ ደብረ ብርሃን ድረስ ይዤላችሁ እመጣለሁ። ካልሆነም የሚላክበትን አድራሻ ንገሩኝ። ቀጣዮቹ ዕጩዎች ከመድረሳቸው በፊት መልሳችሁን እጠብቃለሁ።

አክባሪያችሁ፣
በመንዝ የሚያስተምር አንድ መምህር